የማንም ያልሆነው ጥሪ

ባለፈው ሳምንት አንድ ቅጽ ላይ አልፈርምም ብዬ ሥራ አስቆምኩ። የባልደረቦቼ ስም በሙሉ ተሰልፎ የእኔ ቦታ ብቻ ባዶውን ቀረ። እስካሁንም ባዶ ነው።

ሥራዬ ብሮውዘር ነው። ሰው ኢንተርኔት ከፍቶ አንድ ገጽ ሲያነብ፣ ከኋላ ሆኖ ገጹን የሚያዘጋጅለት ሞተር አለ። እኔ አዳማ ቤቴ ተቀምጬ፣ በየአገሩ ከተበተኑ ባልደረቦቼ ጋር ያንን ሞተር እጠግናለሁ። እውነቱን ለመናገር ከምጠግነው የምነቅለው ይበዛል። ሞተሩ አርጅቷል፤ ድሮ ለአንድ ጉዳይ ተብሎ የገባ ነገር ዛሬ ያዘገየዋል፣ አንዳንዱም ለሌባ በር ይከፍታል። ስለዚህ እንመክራለን፣ እንፈርማለን፣ እንነቅላለን።

የአሁኑ ጉዳይ እንዲህ ነው። አንድ ገጽ በሆዱ ሌላ ትንሽ ገጽ ሊይዝ ይችላል፤ አይፍሬም እንለዋለን። የክሊኒክ ገጽ መሐል ላይ የቀጠሮ መዝገብ ቢታይ፣ መዝገቡ ከሌላ ቦታ መጥቶ እዚያ የተሰካ ሊሆን ይችላል። አንባቢው ገጹን ሊዘጋ ሲል ሞተሩ ለውስጠኛው ገጽ ምልክት ይሰጠዋል። ይህ ኢቨንት ይባላል። ትርጉሙም «ልትዘጋ ነው፤ የምትለው ካለህ አሁኑኑ በል» እንደማለት ነው። አንዳንዶች ይህን ምልክት ሰው ለማዘግየትና ለመሰለል ስለተጠቀሙበት፣ ከውስጠኛ ገጾች ላይ ጨርሶ ይነቀል ተባለ። ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህን ምልክት የሚሰማ አለ ወይ? ይላል። ለእኔ ሲደርሰኝ መልሱ ቀድሞ ተሞልቶ ነበር። የሚሰማ የለም።

«ማንን ጠይቃችሁ ነው?» አልኩ። ሞተሩ ራሱ ማን በምን እንደሚጠቀም የሚቆጥረውን ቆጠራ ነው አሉኝ። ቆጠራው የሚያየው ለመቆጠር የፈቀደውን ብቻ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ብቻ የሚሠራ ገጽ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያለ ገጽ፣ እነዚህ አይቆጠሩም። ይህን ስናገር አንዱ ፈገግ ብሎ «አሮጌ ነገር ትወጃለሽ» አለኝ። ተናደድኩ። እኔ አሮጌ ነገር አልወድም። በገጹ ላይ አንድ ፊደል በተለወጠ ቁጥር የሚጮህ ሌላ ምልክት ነበር፤ ሞተሩን ሁሉ ያንገላታው ነበር። ያንን በገዛ እጄ ነቅዬዋለሁ፣ እንባም አልወጣኝም። ግን ከመንቀሌ በፊት ለሚጠቀሙበት ሰዎች አንድ በአንድ ጽፌ፣ ምትኩን አሳይቼ፣ መልሳቸውን ጠብቄ ነው።

ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣብኝ በስብሰባ መሐል መናገር አልቻልኩም። ቢነገርም አይገባቸውም። እዚህ ልጻፈው።

በደርግ ዘመን፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ አዳማ ናዝሬት ስትባል፣ የስልክ ቤቷ ቴክኒሻን ነበርኩ። ሴት ቴክኒሻን ብርቅ ነበረች። ኦፕሬተሮቹ ሁሉ ሴቶች፣ ካቻቪቴ የያዙት ሁሉ ወንዶች ነበሩ፤ እኔ ብቻ ነኝ በቀሚስ ላይ ቱታ ደርቤ ከሽቦ ጋር የምታገለው። ትዕቢትም ነበረብኝ። ያልገባኝን ነገር ሳይገባኝ መፍታት እወድ ነበር።

ያኔ ከናዝሬት ወደ ደቡብ፣ በቆቃ በኩል መቂ ድረስ የሚሄድ አንድ ሽቦ ነበር። መቂ ላይ ሲደርስ በግድግዳ ላይ የተሰቀለች አንዲት ትንሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባና ከዚያ ወደየቤቱ ይበተናል። ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ ወደ መድኃኒት ቤቱ፣ ወደ ቀበሌው፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ወደሚጭኑት ነጋዴዎች፣ ወደ አንዲት ባለሱቅ ሴትዮ። በእኛ ትልቅ መስመር ሆድ ውስጥ የተቀመጠች ሌላ ትንሽ መስመር ነበረች። ዛሬ አይፍሬም የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ሳየው መቂ ነው ትዝ ያለችኝ።

ስልኮቹ በእጅ የሚዘወሩ ናቸው። ሽቦው አንድ ስለሆነ አንዱ ቤት ሲጠራ ሁሉም ቤት ያቃጭላል። ቤቶቹ የሚለዩት በአጠራሩ ነው፤ አንድ ረጅም ሁለት አጭር ከሆነ ወፍጮ ቤት፣ ሦስት አጭር ከሆነ ባለሱቋ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። የማይመለከተው ሰው አያነሳም መባሉ ሕግ ነው፤ ማንሳቱ ደግሞ ልማድ። መቂ ላይ ማን ስንት ኩንታል ሽንኩርት እንደሸጠ ከሻጩ ቀድሞ የሚያውቀው መድኃኒት ቤቱ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ተቆጣጣሪ መጣ። ኮስታራ ነው፤ ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካል። ይዞት የመጣው መሣሪያ ግን ግሩም ነበር፣ ዛሬም አልክድም። መቂ ቁም ሣጥን ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱን ጥሪ ለይቶ ለባለቤቱ ብቻ ያስተላልፋል። የባለሱቋ ጥሪ ባለሱቋ ቤት ብቻ፣ የወፍጮ ቤቱ ወፍጮ ቤት ብቻ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደወል ሲያደነቁረው የኖረ ሕዝብ ሊያርፍ ነው። ደስ ብሎኝ ሥራውን ለእኔ ስጡኝ አልኩ፣ ተሰጠኝ።

ዝርዝሩን ሳዘጋጅ አንድ የተረፈ ጥሪ አገኘሁ። ሁለት ረጅም፣ ከዚያ ትንሽ ዝም፣ ከዚያ አንድ አጭር። የማንም ስም የለበትም። በመቂ ሰዎች ዘንድ የመስመር መሞከሪያ ነው ይባላል፤ እሱ ሲደወል እጀታ ያነሳ ሰው ኤሌክትሪክ ይይዘዋል ተብሎ ስለሚታመን ማንም ንክች አያደርግም። እኔ ደግሞ ቴክኒሻን ነኝ፣ መስመር የምሞክረው እኔ ነኝ። በዚያ ጥሪ ሞክሬ አላውቅም።

በሥራው ረጅም ዘመን የቆየችውን ኦፕሬተር ጠየቅኳት። ስልክ ቤቱ ሳይሠራ እሷ የነበረች ይመስል ሁላችንም እትዬ እንላት ነበር።

«እትዬ፣ ይሄ የማን ነው?»

ተቆጣጣሪውን በዓይኗ ፈለገች። ሁለት ጠረጴዛ አልፎ ቆሟል።

«የማንም አይደለም» አለችኝ። «ተይው ግን።»

«የማንም ካልሆነ ምን ይሠራል?»

«ተይው አልኩሽ እኮ፣ አንቺ ልጅ።»

ያ ዘመን በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም የሚባልበት ዘመን ነው። ተቆጣጣሪ ባለበት ክፍል ውስጥ ከዚህ በላይ መናገር አልቻለችም። እኔም አፏን ብቻ ሰማሁ፤ ዓይኗን ማየት ነበረብኝ። መቂ ሄጄ መሣሪያውን ስገጥም በዝርዝሩ ያሉትን ጥሪዎች በሙሉ አስገባሁ። ያንን አንዱን ግን ሳላስገባ አስቀረሁት። ተቆጣጣሪው ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ «ጎበዝ ጓድ» አለኝ። ያን ቀን እራቴን በኩራት ነው የበላሁት።

ሳምንታት አለፉ። እትዬ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ገጠር ተልካ ነበር። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ኦፕሬተሮቹ ሲወጡ እኔ ጥሪ የሚገናኝበት ሰሌዳ ላይ ተቀመጥኩ። ከአዲስ አበባ አንድ ሰው ደወለ። ወታደር ነው። ከሰሜን ግንባር ለሁለት ቀን መልእክት ይዞ መጥቶ፣ በማግሥቱ ሊመለስ ነው።

«መቂ ላይ ሱቅ ያላት ሴትዮ አለች» አለኝ። «ልጇ ጓደኛዬ ነበር።»

«ነበር» ሲል ገባኝ። ልጁ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ አውቶቡስ ተራ ላይ አይቼዋለሁ፤ እናቱ ስንቅ አሸክማው ጆሮውን ስትቆነጥጠው ይስቅ ነበር።

«ወንድሜ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም» አልኩት።

«አውቃለሁ። እሱ ነው የነገረኝ። አንድ ነገር ከሆንኩ ናዝሬት ስልክ ቤት ደውል፤ እነሱ ለእናቴ እንዴት እንደሚነግሯት ያውቁበታል፣ ባለወፍጮው ብቻ የሚያነሳው፣ ሽማግሌ የሚጠሩበት ጥሪ አላቸው ብሎኛል።»

ሁለት ረጅም፣ ዝም፣ አንድ አጭር። ባለወፍጮው። የመስመር መሞከሪያ የተባለው፣ ኤሌክትሪክ ይይዛል የተባለው። እትዬና ባለወፍጮው ባለፉት ዓመታት ሁሉ በዚያ ሽቦ ላይ መርዶ ሲያመላልሱ ኖረዋል። ኤሌክትሪክ ይይዛችኋል ብላ ያስወራችው እሷ ነች፤ ለካ ሁሉም ቤት እየሰማው ማንም ሳያነሳ፣ ባለወፍጮው ብቻ አንስቶ የሟቹ ቤት የትኛው እንደሆነ ይሰማል። በማግሥቱ ማለዳ ሽማግሌና ጎረቤት ሰብስቦ፣ ደጋፊ አቁሞ፣ ሰውየው ወይም ሴትየዋ ከቤት ሳይወጡ ይነግራሉ። ባለሱቋ ይህን አታውቅም። ልጇ ግን ወፍጮ ቤት ይውል ስለነበር አውቆ ኖሯል።

የሰውየውን ስም ተቀብዬ አሰናበትኩት። ከዚያ ያንን ጥሪ ደወልኩ። ሁለት ረጅም፣ ዝም፣ አንድ አጭር። ማንም አላነሳም። እንደገና ደወልኩ። መልስ የለም። እንዴትስ ይኖራል? መቂ መግቢያ ላይ በገዛ እጄ ዘግቼዋለሁ፤ ስም የሌለው ጥሪ እዚያች ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ይቀራል።

ያኔ መተው ነበረብኝ። ላንድሮቨር ለምኜ መሄድ ነበረብኝ። እኔ ግን ያጠፋሁትን ቶሎ ላርም ብዬ ባለወፍጮውን በራሱ ጥሪ ደወልኩለት፤ አንድ ረጅም ሁለት አጭር። አነሳ።

«አባባ፣ ለነገ ማለዳ ሽማግሌ ያዘጋጁ» አልኩት። «ለባለሱቋ ነው። ልጇ...»

ሽቦው ላይ ሌላ ትንፋሽ ነበር።

የአካባቢው ወግ እንዲህ ነው፤ ሰው ስልክ ሊደውል ሲል መዘወሪያውን ከማዞሩ በፊት እጀታውን አንስቶ መስመሩ መያዙን ያዳምጣል፤ የሰው ወሬ ላለማቋረጥ፣ ጨዋነት ነው። የወፍጮ ቤቱ ደወል እንደ ድሮው ሱቋ ውስጥ ቢያቃጭል ኖሮ ቢያንስ መስመሩ መያዙን ታውቅ ነበር። የመሞከሪያው ጥሪ ቢደወል ደግሞ ጨርሶ አትነካውም። መሣሪያዬ ሁለቱንም አስቀርቶባታል። ጥሪው ተለየ እንጂ ሽቦው ያው አንድ ነበር። ናዝሬት ካለው ጅምላ ሻጭ ሳሙና ልታዝ እጀታውን አንስታ ኖሯል።

«ልጄ ምን?» አለች።

ባለወፍጮው «እናቴ፣ ዝጊው፣ አሁን እመጣለሁ» አላት።

«አንቺ ናዝሬት ያለሽው፣ ልጄ ምን?»

ውሸት ፈልጌ አጣሁ። ዝም አልኩ፤ ያ ዝምታ መልስ ሆነ። እጀታው ወደቀ፤ ባንኮኒው ላይ ሲጋጭ ጆሮዬ ውስጥ ነው የተጋጨው። የገበያ ቀን ነበር። ደንበኞች ሲንጫጩ፣ ከዚያ ሁሉም ጸጥ ሲሉ፣ ከዚያ እሷ ስትጮህ ሰማሁ። ሶኬቱን መንቀል እችል ነበር፤ አልነቀልኩም። ብቻዋን ሆና በሰማችው ነገር ብቻዋን ልተዋት አልፈለግኩም፤ ሞኝነት ነው፣ እኔ መኖሬንም አታውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ ነበር።

ለቅሶው ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሰው ሲሳሳ ቀርቤ «እማማ፣ እኔ ነኝ የዚያን ቀን...» ስል አቋረጠችኝ።

«ድምፅሽን አውቀዋለሁ» አለችና ፊቷን አዞረች።

ከድንኳኑ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ቁም ሣጥኗ ሄድኩ። ቱታ አልለበስኩም፣ የለቅሶ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ከቦርሳዬ ፒንሳ አወጣሁ። ያንን ጥሪ መለስኩት፤ እንደ ድሮው ለሁሉም ቤት እንዲሰማ አድርጌ። የማንንም ፈቃድ አልጠየቅኩም። ሌላው እንዳለ ነው፤ መሣሪያው ጥሩ መሣሪያ ነበር። አንዲት ቀዳዳ ብቻ ከፈትኩለት። ባለወፍጮው ደጃፉ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ራሱን ነቀነቀ።

ተቆጣጣሪው በሚቀጥለው ዙር ሲፈትሽ አገኘው። የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። አዳራሹ ውስጥ ግድግዳው ላይ ጢማሞቹ የሶሻሊዝም አባቶች ተደርድረው ያዩናል፤ ከሥራቸው ተቆጣጣሪው ወረቀት ይዞ ተቀምጧል። ወረቀቱ ላይ ምን እንደጻፈ አስቀድሞ ወሬው ደርሶኛል፤ «ድብቅ ምልክት» ይላል። በዚያ ዘመን ሁለት እንዲህ ያሉ ቃላት ሰው ያስበሉ ነበር። ፈርቼ ነበር፤ ጀግና ነበርኩ ብዬ አልዋሽም።

«ጓድ፣ ግለ ሂስሽን እንስማ» አለ።

ተነሳሁ። «ጥፋት አለብኝ» አልኩ። እስክሪብቶውን አነሳ። «መቂ መስመር ላይ አንድ ጥሪ ነበር። ማን እንደሚጠቀምበት ሳልጠይቅ ነቀልኩት። በእኔ ምክንያት አንዲት እናት የልጇን ሞት በገበያ መሐል በስልክ ሰማች። ግለ ሂሴ ይኸው ነው።»

«የተጠየቅሽው ስለመንቀልሽ አይደለም፤ ስለመመለስሽ ነው።»

«እሱ ጥፋት አይደለም፤ ስለዚህ ግለ ሂስ የለኝም።»

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተንቋቋ። ተቆጣጣሪው ቀስ ብሎ «በዝርዝሩ የለም። የማንም አይደለም። ማርዳት የስልክ ቤት ሥራ ነው?» አለኝ።

«አይደለም። ሰውን በስልክ ማርዳት ግን የማንም ሥራ አይደለም። ንቀይው ካሉኝ አልነቅልም፤ ሌላ ሰው ይላኩ።»

አፌን ስከፍት ይህን እላለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና ወደኋላ የለም። ያን ጊዜ ከዘመቻ የተመለሰችው እትዬ ከመጨረሻው ረድፍ ተነሳች።

«ጥሪውን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «ይቺ ልጅ ቱታ ሳትለብስ በፊት። ወረቀትዎ ላይ ስም ካስፈለገ የእኔን ያስቀድሙ።»

ተቆጣጣሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዝርዝር የሚወድ ሰው ነበር። «ድብቅ ምልክት» የሚለውን ሠርዞ በምትኩ «የሥራ ሥነ ሥርዓት ጉድለት» ብሎ ጻፈ። እትዬን በማስጠንቀቂያ አለፋት። እኔን ከክፍል አውጥቶ ወደ ሽቦ ጥገና ጓድ መደበኝ፤ የስልክ እንጨት ላይ እየወጣሁ እንድውል። ጥሪው ግን ይነቀል ብሎ አዘዘ።

አልተነቀለም። አንዱ ቴክኒሻን የቁም ሣጥኗ ቁልፍ ጠፋ አለ። ሌላው መቂ ድረስ ሄዶ ካቻቪቴ ረስቼ መጣሁ ብሎ ተመለሰ። ሦስተኛው ወባ ያዘው። ተቆጣጣሪው ወደ ሌላ አውራጃ ሲዛወር ትእዛዙም አብሮት ሄደ።

እኔ ከቆቃ እስከ መቂ ያለውን እንጨት ስወጣና ስወርድ ከረምኩ። ሴት እንጨት ላይ ስትወጣ ለማየት የገበሬ ጋሪ ይቆማል። ከግራሩ ሥር «ውረጂ፣ ትሰበሪያለሽ» የሚለኝ ብዙ ነበር፤ ለዚያ ስል ሌላውንም እወጣ ነበር። ጓዱ የሚያድረው መቂ በተከራየነው ቤት ነው። ባለሱቋን በመንገድ ሳገኛት «አካም ቡልተን» እላታለሁ። ትመልስልኛለች፣ ሰላምታ አይነፈግም። ከዚያ በላይ ግን አንዲት ቃል አልጨመረችልኝም። አልፈረድኩባትም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እንጨት አናት ላይ ሆኜ፣ የመሞከሪያ ስልኬን ሽቦው ላይ አስነክሼ ስፈትሽ፣ ጥሪው መጣ። ሁለት ረጅም፣ ዝም፣ አንድ አጭር። ልቤ በኩራት ሞላ። አለ፣ አልሞተም፣ እኔ ነኝ ያቆየሁት አልኩ ለራሴ። ማዳመጥ እችል ነበር፤ ከእኔ በቀር ማንም አያውቅብኝም። እንደ ወጉ መንከሻዬን ከሽቦው አላቀቅኩና የቆቃን ውኃ በሩቅ እያየሁ ጥሪው እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ለማን ቤት ይሆን ብዬ አዘንኩ። ከዚያ ሥራዬን ቀጠልኩ፣ ማታም ከጓዶቼ ጋር ካርታ ተጫወትኩ።

በማግሥቱ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ በር ተንኳኳ። ስከፍት ባለወፍጮው፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከኋላቸው የጓዱ ሹፌር አንገቱን ደፍቶ። ከፊት የቆመችው ባለሱቋ ነበረች። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች።

«እማማ፣ በማለዳ ምነው?» አልኩ። ማየት ያለብኝን አይቻለሁ፤ አፌ ብቻ ነው የጠየቀው።

«ኢንተላ ኮ፣ ተቀመጪ» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው።

«ቆሜ ልስማ።»

«ተቀመጪ አልኩሽ።» ሁለት እጄን ይዛ አስቀመጠችኝና ከጎኔ ተቀመጠች፤ አንዱ ሽማግሌ ከኋላዬ ቆመ። አባቴ ነበር። ደብረ ብርሃን፣ ከትላንት በስቲያ። ዘመዶቼ ናዝሬት ደውለው፣ እትዬ ተቀብላ፣ የት እንደማድር ስለምታውቅ በዚያ ጥሪ ወደ መቂ ልካዋለች። እንጨት አናት ላይ ሆኜ የኮራሁበት የራሴ መርዶ ነበር።

ስጮህ አፌን አልያዘችኝም፣ አይዞሽም አላለችኝም። እስክወጣለት ድረስ ደረቷ ላይ አስደግፋኝ ቆየች። ከዚያ ጆሮዬ አጠገብ፣ ለሌላ ሰው በማይሰማ ድምፅ እንዲህ አለችኝ፦

«እኔ በሽቦ ነው የሰማሁት። አንቺ በሽቦ አትሰሚም ብዬ ነው የመጣሁት።»

እስከ ናዝሬት በአውቶቡስ አብራኝ ሄደች። ሱቋን ዘግታ።

ይኸው ነው። ባልደረቦቼ አሮጌ ነገር ትወጃለሽ የሚሉኝ ይህን ስለማያውቁ ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እየጻፍኩ፣ እየደወልኩ ነው፤ ውስጠኛው ገጽ ሲዘጋ የሚመጣውን ምልክት የሚሰማ ማን እንዳለ እፈልጋለሁ። ትላንት አንድ አገኘሁ። ዝዋይ አካባቢ ያለ ጤና ጣቢያ ነው። ነርሷ የታካሚውን ነገር ጽፋ ሳትጨርስ ገጹን ከዘጋችው፣ የጻፈችውን እስከዚያው የሚያስቀምጥላት በዚያ ምልክት ነው። በቆጠራው ውስጥ የለችም። ነገ እሄዳለሁ፣ በሌላ መንገድ እንዲሠራላት አስተካክልላታለሁ፣ ሌሎችም እንዳሉ እጠይቃለሁ። ከዚያ በኋላ ምልክቱ ይነቀል፤ እኔው ራሴ እነቅለዋለሁ።

እስከዚያ ግን ማንም ቢቆጣ አልፈርምም። ቅጹን ዛሬ ጠዋት ከፈትኩትና «የሚሰማ የለም» የሚለውን አጥፍቼ «ገና አልጠየቅንም» ብዬ ጻፍኩበት።